ጡት ከማስጣል እስከ ትዳር፦ የልጅነት ደረጃዎች ትምህርት ምን ይላል፣ ምኑስ ጸንቶ ቆመ?

ባሕር ዳር ውስጥ በባጃጅ ወረፋም ይሁን በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ከልኩ አልፎ ሲናገር የሰሚዎቹ ፍርድ አጭር ነው፤ «አስተዳደግ የበደለው!» ይሉታል። በዚህች ስድብ ውስጥ አንድ ሙሉ አስተሳሰብ አለ፦ የዛሬው ጠባይ ከትናንቱ አስተዳደግ የመጣ ነው፣ ጥፋቱም የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የአሳዳጊዎቹም ነው። ስድቡ የማይነግረን ግን በደሉ በስንት ዓመቱ እንደ ደረሰ፣ በምን በኩል እንደ ገባ፣ አርባ ዓመት ሙሉም ሳይጠፋ እንዴት ሊቆይ እንደ ቻለ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በአንድነት ለመመለስ የተነሣው ትልቅ ሙከራ ሳይኮአናሊሲስ የሚባለው የሥነ ልቦና ትምህርት ሲሆን፣ መነሻውም የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው።

ትምህርቱ ዛሬ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ በየስልኩ ይዞራል። «የልጅ ጠባይ በስድስት ዓመቱ አልቋል»፣ «ጡት በድንገት ያስጣላችሁት ልጅ ሲያድግ ሱሰኛ ይሆናል» በሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች የሚደናገጥ ወላጅ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱን ማስረዳት ብቻ አይበቃም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው ክርክር ውስጥ የትኛው ክፍሉ እንደ ወደቀና የትኛው እንደ ቆመ መለየትም ያስፈልጋል። የእኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር፦ ጠባይ የሚቀረጸው በዚህ ወይም በዚያ የሰውነት ክፍል ዙሪያ በሚደርሰው ነገር ነው የሚለው ክፍል በአብዛኛው አልጸናም፤ ሕፃኑ ከአሳዳጊው ጋር በሚኖረው ግንኙነት ስለ ሰውና ስለ ራሱ የሚይዘው ግምት አብሮት ያድጋል የሚለው ክፍል ግን ብዙ ታርሞ ቆሟል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍሮይድ በ1856 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቪየና ሄደ፤ በሙያውም የነርቭ ሐኪም ሆነ። ወደ እርሱ ከሚመጡት ሕሙማን መካከል እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ድምፃቸው የጠፋባቸው፣ ነገር ግን ሲመረመሩ በሰውነታቸው ላይ ምንም ጉዳት የማይገኝባቸው ነበሩ። በ1895 ከሐኪሙ ከዮሴፍ ብሮየር ጋር ባሳተመው ጥናት ሕሙማኑ ከአእምሯቸው የራቀውን አንድ አስጨናቂ ነገር አስታውሰው ሲናገሩት ሕመሙ እንደሚቀልላቸው ጻፈ። ትዝታው ሌላ ትዝታ እየጎተተ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚደርሰው ልጅነት ላይ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነጥብ አለ፤ ፍሮይድ ስለ ሕፃናት የተናገረውን አብዛኛውን ያገኘው ሕፃናትን ተመልክቶ ሳይሆን ሶፋ ላይ ተጋድመው ልጅነታቸውን ከሚያስታውሱ አዋቂ ሕሙማን ነው። የትምህርቱ ጥንካሬም ድካምም ከዚህ ይነሣል።

ትምህርቱ በሁለት ሐሳቦች ላይ ቆሟል። አንደኛው፣ ከምናስበውና ከምንፈልገው ነገር ብዙው ለራሳችንም የተሰወረ ነው የሚለው ነው፤ ሰው ለምን እንደ ተቆጣ፣ ለምን አንድን ሰው እንደ ጠላ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ሊቢዶ ብሎ የሰየመው የፍላጎትና የደስታ ኃይል ከጉርምስና ጋር በድንገት የሚመጣ ሳይሆን ከልደት ጀምሮ ያለ፣ በየዕድሜው ግን የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል የሚለዋውጥ ነው የሚለው ነው። በ1905 ይህን ሲጽፍ ብዙዎች ተቆጡ፤ ፍሮይድ ግን የሚለው ሕፃኑ የአዋቂ ዓይነት ምኞት አለው ሳይሆን፣ ሕፃኑ ሲጠባ፣ ሲታቀፍ፣ ሲጸዳዳ ከሰውነቱ የሚያገኘው ደስታና በዚያ ደስታ ላይ የሚደርስበት ክልከላ ለኋለኛው ፍቅሩ መሠረት ይሆናል ነው። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ተሰድረው የምናገኛቸው ደረጃዎችም በአንድ ቀን አልተጻፉም፤ የአፍ ደረጃ የሚባለው በዚያው ድርሰት ላይ በ1915 የተጨመረ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደረጃ ስሙን ያገኘው በ1923 ነው።

አንድ ደረጃ በአዋቂው ጠባይ ላይ ምልክት የሚተወው እንዴት ነው? ፍሮይድ ይህን ሲያስረዳ ወደ ሩቅ አገር የሚዘምት ሠራዊትን ያነሣል። ሠራዊቱ በየደረሰበት አስቸጋሪ ቦታ ጥቂት ወታደር ትቶ ያልፋል፤ ብዙ በተወ ቁጥር ወደ ፊት የሚሄደው ኃይል እየሳሳ ይሄዳል፤ ከፊቱ ሽንፈት ከገጠመው ደግሞ የሚያፈገፍገው ብዙ ሰው ወደ ተወበት ሰፈር ነው። ልጅም በአንድ ደረጃ ላይ ፍላጎቱ ከልክ በላይ ከተነፈገ፣ ወይም ከልክ በላይ ከተሞላለትና መልቀቅ ካቃተው፣ ከኃይሉ ከፊሉ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል፤ ካደገ በኋላ ሥራ ሲያጣ፣ ትዳሩ ሲናጋ፣ ሐዘን ሲደርስበት ወደዚያው ይመለሳል። ማነሱም መብዛቱም አንድ ዓይነት ውጤት ያመጣል መባሉን ልብ ይሏል፤ ኋላ ላይ ተቺዎች አጥብቀው የሚይዙት ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፣ ከልደት እስከ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያለው፣ የአፍ ደረጃ ነው። ሕፃኑ ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው፤ የሚጠግበውም፣ የሚረጋጋውም፣ ያገኘውን ሁሉ የሚመረምረውም በአፉ ነው። የዚህ ደረጃ ትልቁ ፈተና ጡት መጣል ነው። ሽምብጥ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከቅርብ እንየው። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እናቱ ደግሞ ሌላ ፀንሳለች። የእናቱ እናት ከጓሮ እሬት ቆርጠው አምጥተው ፈሳሹን በጡቷ ጫፍ ላይ ይቀቡላታል። ልጁ እንደ ልማዱ ነጠላዋን ገልጦ ይጠጋል፤ አንዴ ከሳበ በኋላ ፊቱን አጨማዶ ይተፋል፣ አሻቅቦም የእናቱን ፊት ያያል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል፤ አሁንም መራራ ነው። በዚያች ሌሊት የሚተኛው ከአያቱ ጋር ነው፣ ሲያለቅስም የምታባብለው እናቱ አይደለችም። እናቲቱ አንጀቷ ስላልቻለ «እማዬ፣ ቀስ እያልን ብናስተወው አይሻልም?» ስትል አያት የሚመልሱላት አላቸው፤ «አንቺንስ በአንድ ቀን አይደለም ያስጣልኩሽ? ታዲያ ምን ሆንሽ?»

በፍሮይድ ተከታዮች ዓይን ይህ ቀን ቀላል ቀን አይደለም። በተለይ የበርሊኑ ካርል አብርሃም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአፉን ደረጃ ለሁለት ከፈለው፤ ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ያለው የመጥባት ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው የመንከስ ዘመን ነው። በመጀመሪያው ላይ የቀረ ሰው ሌላው እንዲያበላው፣ እንዲያስብለት፣ እንዲወስንለት የሚጠብቅ ተስፈኛ ወይም ጥገኛ ይሆናል ይባላል፤ በሁለተኛው ላይ የቀረ ደግሞ ምላሱ የሚቆርጥ፣ በነገር የሚወጋ ይሆናል። ሲጋራ ማጨስን፣ ጫት መቃምን፣ ጥፍር መብላትን፣ በጭንቀት ጊዜ ያለ ልክ መብላትን ከዚሁ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው።

ይህ አስተሳሰብ እኛንም ሳይነካ አላለፈም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 ስለ አማራ ባህል ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ የአፍ ደረጃ አስተሳሰብ ይዞ ባህሉን ለመመርመር ሞክሯል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ በሆነበት፣ ጾም የሃይማኖት ጽናት ዋና መለኪያ በሆነበት፣ የተራቀቀ ንግግር በሚከበርበት አገር እንዲህ ዓይነቱ ንባብ ለምን እንደ ሳበው መረዳት አያስቸግርም። ሆኖም ጾሙን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ጉርሻውን በአንድ ገበታ ዙሪያ የመብላት ልማድ፣ ንግግሩን የፍርድ ሸንጎና የቅኔ ትምህርት ቤት በበቂ ሁኔታ ያስረዱታል። የአንድን ሕዝብ ባህል ከጡት ጋር አያይዞ መተንተን የሚማርክ ቢሆንም የሚረጋገጥበት መንገድ ግን የለውም።

ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ያለው ሁለተኛው ደረጃ የፊንጢጣ ደረጃ ይባላል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰውነቱ የሚወጣውን ነገር መያዝና መልቀቅ በራሱ ሥልጣን ሥር መሆኑን ያውቃል፤ ልክ በዚያን ጊዜ ደግሞ አዋቂዎች «አሁን፣ እዚህ፣ በፖፖ ላይ» ማለት ይጀምራሉ። ፍሮይድ በ1908 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ሦስት ጠባዮች በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደሚገኙ፣ መነሻቸውም ይህ ትግል እንደ ሆነ ገለጸ፤ እነርሱም ሥርዓት ማጥበቅ፣ ቆጣቢነት እና እልኸኝነት ናቸው። ሦስቱ ጠባዮች አብረው መገኘታቸው በኋላ በተደረጉ የጠባይ መለኪያዎች በመጠኑ የታየ ነገር ነው። ከፖፖ ጋር ያላቸው ዝምድና ግን አልተገኘም። መገኘትም የሚከብደው ይመስለኛል፤ ትምህርቱ የተጻፈው ምንጣፍ ለተነጠፈበት የቪየና ቤት ነው። በጣና ዳር ባሉ የገጠር መንደሮች ልጁ ያለ ሱሪ በግቢው ውስጥ እየሮጠ፣ ታላላቆቹን እያየ፣ የረባ ትግል ሳይኖር ይማራል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጥድፊያውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የዳይፐር ዋጋ ነው።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለው ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ያከራከረው ነው። ልጁ የወንድና የሴት ልዩነት ይገባዋል፣ «ሳድግ እማዬን አገባለሁ» ይላል፣ አባቱ አጠገቧ ሲቀመጥ በመካከላቸው ይገባል። ፍሮይድ ይህን ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ባገባው የግሪክ ንጉሥ ስም የኦዲፐስ ውስብስብ አለው። ልጁ የአባቱን ቅጣት ስለሚፈራ ምኞቱን ይተዋል፤ መተው ብቻ ሳይሆን አባቱን ለመምሰል ይጥራል፤ የአባቱን «አይሆንም» ወደ ውስጡ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚቆጣው ሰው አጠገቡ ባይኖርም ከውስጡ የሚቆጣው አለ። ፍሮይድ በ1923 ይህን የውስጥ ተቆጪ ሱፐርኢጎ ብሎ ሰየመው፤ ወዲያው እንዲሞላለት የሚሻውን ጥሬ ፍላጎት ኢድ፣ በሁለቱና በውጪው ዓለም መካከል የሚያስታርቀውን ደግሞ ኢጎ አለው። ሱፐርኢጎን ከይሉኝታ ጋር ማመሳሰል ቢቀልም ልክ አይደለም፤ ይሉኝታ የሚያየንን ሰው ይፈልጋል፣ ሱፐርኢጎ ግን ማንም ባያይ ይከሳል።

ፍሮይድ ለዚህ ደረጃ ዋና ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው በ1909 ያሳተመውን የአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት ፈራ፤ ፍሮይድም ፈረሱ የአባት ምትክ ነው አለ። ሕክምናውን የመራው ግን የልጁ አባት ራሱ ነበር፤ ፍሮይድ በሕክምናው ወቅት ልጁን ያነጋገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባትየው ደግሞ የፍሮይድ ደጋፊ ስለ ነበር ጥያቄዎቹ መልሱን ቀድመው የያዙ ናቸው። ልጁ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ መንገድ ላይ ሲወድቅ አይቶ መደንገጡም እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ጋሪ ፈረስ ባለበት ከተማ ያደገ ሰው ይህኛው ምክንያት ይበቃል ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከሩቅ ደሴት መጣ። ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ በ1927 ባሳተመው ጥናት በፓስፊክ ውቅያኖስ በሚገኙት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ልጅን የሚቀጣውና የሚያዘው አባቱ ሳይሆን አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም፣ እንደ ሆነ፤ የልጁ ቅሬታም በዚሁ አጎት ላይ እንጂ በአባቱ ላይ እንደማያርፍ አሳየ። የቅናቱና የፍርሃቱ ቅርጽ የሚከተለው እንግዲህ ሥልጣን በቤት ውስጥ በማን እጅ እንዳለ ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የቤት ሠራተኛ እና ከገጠር ለትምህርት የመጣ ዘመድ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት የባሕር ዳር ቤት ሦስት ሰዎች ብቻ ያሉበትን የቪየና ድራማ እንዳለ መፈለግ ያስቸግራል። ስለ ሴት ልጆች የተባለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ደካማ ነበር፤ ሴት ልጅ የጎደላትን የወንድ ብልት ስትመኝ ትኖራለች የሚለውን የፍሮይድ አባባል ራሷ የሳይኮአናሊሲስ ሐኪም የነበረችው ካረን ሆርናይ በ1920ዎቹ ተቃውማ፣ ሴቶች የሚመኙት ነገር ካለ ወንዶች በኅብረተሰቡ ውስጥ ያላቸውን ሥልጣንና ነፃነት ነው ስትል ተከራክራለች።

ከስድስት ዓመት እስከ ጉርምስና ያለውን ጊዜ ፍሮይድ የዕረፍት ዘመን አድርጎ በጥቂት ቃል አልፎታል፤ ከጉርምስና በኋላ ያለውን የመጨረሻውን ደረጃም ያለፉት ሁሉ ተሰብስበው ወደ አዋቂ ፍቅር የሚያመሩበት አድርጎ ብዙም አላብራራውም። የዕረፍት ዘመን መባሉ ግን እኛ አገር የሚያስኬድ አይደለም። በጎጃም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ወይም የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዳንዱም ከቤት ርቆ አኩፋዳውን አንግቶ የቆሎ ተማሪ ይሆናል፤ የጠፋች ጥጃ ሳይዝ የሚገባ እረኛ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው ይህን ዕድሜ ዕረፍት አይለውም።

ይህን ጉድለት የሞላው ኤሪክ ኤሪክሰን ነው። በ1902 ጀርመን ውስጥ የተወለደው ኤሪክሰን ቪየና ሄዶ በፍሮይድ ልጅ በአና ፍሮይድ ሥር ከሠለጠነ በኋላ በ1933 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1950 ባሳተመው ሥራውም የፍሮይድን አምስት ደረጃዎች እስከ ሽምግልና ወስዶ ስምንት አደረጋቸው። ዋናው ለውጥ ግን የቁጥሩ አይደለም። ኤሪክሰን ከሰውነት ክፍሉ ይልቅ በዚያ ዕድሜ ልጁና በዙሪያው ያሉ ሰዎች የሚፋጠጡበትን ጥያቄ አስቀደመ። በመጀመሪያው ዓመት ጥያቄው ሰው ይታመናል ወይስ አይታመንም ነው፤ የጡቱ ነገር የዚህ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ጥያቄው በራሴ መቆም እችላለሁ ወይስ ማፈር አለብኝ ነው፤ እንጀራውን ራሱ ልቁረስ ብሎ ወጥ ያፈሰሰ ልጅ ኩርኩም ሲቀምስ የሚማረው ስለ ወጡ አይደለም። ከሦስት እስከ ስድስት ጥያቄው ማሰብና መጀመር ይፈቀድልኛል ወይስ ጥፋት ነው የሚል ይሆናል። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሙያ አለኝ ወይስ ከሰው በታች ነኝ ነው፤ ታናሿን ማዘል፣ ቡና ማፍላት፣ ደብተር ላይ ራይት ማግኘት፣ ታንኳ መቅዘፍ ሁሉ ከዚህ ይገባሉ። ጉርምስና የማንነት፣ ወጣትነት የመቀራረብ፣ ጎልማሳነት ለሚመጣው ትውልድ የማሰብ፣ እርጅና ደግሞ ያለፈውን ኑሮ ተቀብሎ ወይም ተጸጽቶ የመገኘት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። በኤሪክሰን ዘንድ ያልተመለሰ ጥያቄ በኋላ ሊነሣና እንደገና ሊመለስ ስለሚችል፣ በስድስት ዓመት የተዘጋ በር የለም።

ትምህርቱን ለመፈተን ያስቸገረው ወደ ኋላ የሚያስረዳ መሆኑ ነው። አዋቂው ቆጣቢ ከሆነ በዚያ ደረጃ ላይ ተቸንክሮ ነው ይባላል፤ አባካኝ ከሆነም በዚያው ደረጃ ላይ በተቃራኒው ተቸንክሮ ነው ይባላል። ልጁ ጡት ቶሎ ቢጥልም ዘግይቶ ቢጥልም ማብራሪያው ዝግጁ ነው። ፈላስፋው ካርል ፖፐር የትምህርቱን ድካም ያየው በዚህ ነው፤ ሊሳሳት የሚችልበት መንገድ የሌለው አባባል ስለ ዓለም የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ አይፈተንም ማለትም አይቻልም። ዊሊያም ሴዌል የተባለው ተመራማሪ በ1952 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚኖሩ 162 የገበሬ ልጆችን ወስዶ፣ ጡት ጠብተው ወይስ በጡጦ እንዳደጉ፣ ቀስ በቀስ ወይስ በድንገት እንዳስጣሏቸው፣ መጸዳዳት መቼ እንደ ለመዱ ከእናቶቻቸው ጠይቆ ከልጆቹ ጠባይ ጋር አመሳከረው። በአብዛኛው ምንም ግንኙነት አላገኘም። ከላይ ያየናቸው አያት «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ያሉት ነገር፣ ቢያንስ እሬቱን በተመለከተ፣ ከዚህ ውጤት ጋር ይስማማል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ እርምት ከራሱ ከሳይኮአናሊሲስ ቤት ወጣ። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ በሙያው ሳይኮአናሊስት ሲሆን፣ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ ከጦርነቱ በኋላ ቤት አልባ የሆኑ ልጆችን ሁኔታ መርምሮ፣ ሕፃን ለጤናው ምግብ የሚያስፈልገውን ያህል የማይለዋወጥና ሞቅ ያለ የአሳዳጊ ግንኙነት እንደሚያስፈልገው ተከራከረ። ሃሪ ሃርሎው ደግሞ በ1958 ባሳተመው ሙከራ የዝንጀሮ ግልገሎች ወተት ከምትሰጣቸው የሽቦ እናት ይልቅ ወተት ለሌላት ግን በለስላሳ ጨርቅ ለተሸፈነችው ምስል ተጣብቀው እንደሚውሉ አሳየ። ፍቅር የጥጋብ ተከታይ ነው የሚለው የቀድሞ ግምት በዚህ ተናጋ፤ አንቀልባ ከጡት ያላነሰ ነገር ነው ማለት ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ የተገኘው ኡጋንዳ ነው። ከቦውልቢ ጋር ትሠራ የነበረችው ሜሪ አይንስወርዝ በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን እየተመላለሰች ተመለከተች። መጀመሪያ ልታጠና ያሰበችው ጡት ማስጣልን ነበር፤ ምክንያቱም በጋንዳ ሕዝብ ዘንድ ልጁ ጡት እንዲረሳ ወደ አያቱ ወይም ወደ ዘመድ መላክ የቆየ ልማድ ነበር። የባሕር ዳር አንባቢ ይህን ልማድ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሆኖም ልማዱን ብዙዎቹ ትተውት ስላገኘች ዓይኗን ወደ ሌላ ነገር መለሰች፦ ልጁ እናቱን ከሌሎች የሚለየው መቼና እንዴት ነው? ስትሄድ ምን ያደርጋል፣ ስትመለስስ? ያገኘችውም የልጁን ምልክት ፈጥነው የሚያነቡና የሚመልሱ እናቶች ልጆች ተረጋግተው እንደሚጫወቱ ነው።

ይህን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ሰዎች የሚሳፈሩበት የጀልባ ማረፊያ ላይ ማለዳ መቆም ይበቃል። እናት የአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ትሳፈራለች። ልጁ ይጮኻል፣ እጁን ይዘረጋል፣ አክስቱ አዝላው ወዲያና ወዲህ ስትል ጸጥ ይላል። መልሱ ያለው በመለያየቱ ላይ ሳይሆን አመሻሽ ላይ ጀልባዋ ስትመለስ ነው። አንዱ ልጅ እንዳያት ይሮጣል፣ ታቅፎ ጥቂት ያለቅሳል፣ ከዚያ ወርዶ ጠጠሩን ይለቅማል። ሌላው እንዳላያት ሆኖ ፊቱን ያዞራል። ሦስተኛው አንሺኝ ይላል፣ ስታነሣው ይገፋታል፣ ስታወርደው ይጮኻል። አይንስወርዝ ወደ አሜሪካ ሄዳ በባልቲሞር ያዘጋጀችው የሃያ ደቂቃ ያህል ምርመራ ይህንኑ መገናኘት በሥርዓት የሚመዘግብ ነው፤ የመጀመሪያውን ልጅ ትስስሩ የተረጋጋ፣ ሁለተኛውን የሚሸሽ፣ ሦስተኛውን የሚያመነታ ይለዋል። ፊቱን ያዞረው ልጅ ግድ የለሽ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የልብ ምቱ ሲለካ እንደ ሌሎቹ መጨነቁ ይታያል፣ ማሳየቱ እንደማይጠቅመው ስለ ተማረ ግን አያሳየውም። አዋቂ ሆኖ ሲቸገር ለባለቤቱ የማይነግር፣ «ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ከዚህ ልጅ ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ ይህ ነው።

የሚመሳሰልበት እንጂ የሚወሰንበት አላልኩም። ልጆችን ከሕፃንነት እስከ አዋቂነት የተከታተሉ ጥናቶች ያገኙት ዝምድና መጠነኛ ነው፤ ፍቺ፣ ሞት፣ መፈናቀል አንዱን ወደ ታች፣ ጥሩ መምህር ወይም ጥሩ ትዳር ሌላውን ወደ ላይ ይወስደዋል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የታየው ከአንድ ሰው ጋር የመተሳሰር ዕድል ጭራሽ ባልነበራቸው ላይ ነው። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከ2000 ጀምሮ በ136 የማሳደጊያ ሕፃናት ላይ በተደረገው ጥናት ከልጆቹ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ፤ እነርሱም በማሳደጊያ ከቀሩት ይልቅ አገገሙ፣ በተለይም ሁለት ዓመት ገደማ ሳይሞላቸው የወጡት ትስስራቸው በተሻለ ሁኔታ ተስተካከለ። ዕድሜ እንግዲህ ለውጥ ያመጣል፤ ፍሮይድ በዚህ አልተሳሳተም። ነገር ግን ጉዳቱን ያመጣው ማንም አለመኖሩ እንጂ ጡት የተተወበት ቀን አይደለም። በየቀኑ የሚበሳጨውን፣ የሚደክመውን፣ አንዳንዴ የሚጮኸውን ተራ ወላጅ በተመለከተ የሕፃናት ሐኪምና ሳይኮአናሊስት የነበረው ዶናልድ ዊኒኮት ፍጹም እናት አታስፈልግም፣ በቂ የሆነች እናት ትበቃለች ብሏል፤ ልጅ ዓለም እንደ ልቡ እንደማትሄድ የሚማረውም እናቱ በየጊዜው በጥቂቱ ስታጎድል ነው።

ልጅነት በአዋቂው ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ያሳየው የአይንስወርዝ ተማሪ የነበረችው ሜሪ ሜይን ከባልደረቦቿ ጋር በ1980ዎቹ ያዘጋጀችው ቃለ መጠይቅ ይመስለኛል። ወላጆች ከእናትና ከአባታቸው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት በጥቂት ቃላት እንዲገልጹ ይጠየቃሉ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ቃል ምሳሌ እንዲያነሡ። አንዱ «አባቴ ኃይለኛ ቢሆንም ጥሩ ሰው ነበር፤ ቀጥቶ ነው ሰው ያደረገኝ» ይልና ጥሩነቱን የሚያሳይ አንድ ቀን አስታውስ ሲባል አንድም አያገኝም። ሌላዋ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ የትናንት ያህል ትቆጣለች፣ ጥያቄውንም ትረሳለች። ሦስተኛው ግን በርበሬ የታጠነበትን ቀን፣ በምን ምክንያት እንደ ነበር፣ እናቱ ውጭ ቆማ ታለቅስ እንደ ነበር፣ እርሱ አባት ሲሆን ምን እንደ ተሰማው በቅደም ተከተል ይናገራል። ተመራማሪዎቹ የመዘኑት የደረሰውን ነገር ክብደት ሳይሆን የአነጋገሩን መያያዝ ነው፤ ይህም መያያዝ የተናጋሪው የራሱ ልጅ ከእርሱ ጋር ስላለው ትስስር አስቀድሞ የሚጠቁም ሆኖ ተገኘ። ልጅነታቸው ከባድ የነበረ፣ ነገር ግን ያን ክብደት ሳያድበሰብሱትም ሳይሰምጡበትም መናገር የሚችሉ ወላጆች ልጆች፣ በአብዛኛው ልጅነታቸው ቀላል ከነበረ ወላጆች ልጆች ጋር በአንድ ምድብ፣ በተረጋጋው ትስስር ውስጥ፣ ይገኛሉ።